የእኛ ሰው ካየኝስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስሜን ሳልናገር ነው የምጀምረው። የማወራችሁ ስለ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ በአጭሩ ኤኤ ይሉታል፤ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። አባሎቹ በጋዜጣም በሬዲዮም ማንነታቸውን አይገልጹም፣ የቆየ ደንባቸው ነው። ፖድካስትም ከሬዲዮ አይለይምና እኔም አከብረዋለሁ። ድምፄን የለያችሁ ካላችሁ፣ አደራ።

ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ስብሰባ ማግኘት አይከብድም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ዛሬ በስንት ሰዓት፣ የት ስብሰባ እንዳለ በቅርበት ይዘረዝርላችኋል። ክፍት የተባለው ሚስትም ወንድምም አብሮ የሚገባበት ነው፤ ዝግ የተባለው ማቆም ለሚፈልጉት ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ቅርጫት ይዞራል፣ የቻለ አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል፣ አዲስ ሰው እንዲሰጥ ግን አይጠበቅም። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ፍርድ ቤት የላከውም ወረቀቱን ያስፈርማል።

በሩ ላይ ስንደርስ ነው እግራችን የሚያዘው። የአገሬ ልጆች ሲያማክሩኝ ከሁሉ አስቀድመው፣ «የእኛ ሰው አለ እንዴ እዚያ?» ይሉኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ባልቲሞር ድረስ ነድቶ የሚሰበሰብ ሰው አለ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቅዳሜ ማታ የታየ ነገር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይወራል፤ የታጨች ልጅ ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ አባት ስማቸው ቢነሳ ብዙ ያጣሉ። እንደዚያም ሆኖ ቅርቡን ሂዱበት እላለሁ። በረዶ ሲጥል፣ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው ሩቁ ነው፤ መጠጥ ደግሞ የሚያምረን ልክ በእነዚያ ቀኖች ነው። ደግሞስ እዚያ ያገኛችሁት ሐበሻ ምን ሊሠራ መጣ? እሱም የእናንተኑ ያህል የሚደብቀው አለው።

ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። የሚታጠፉ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ትልቅ የቡና ማፍያ፣ የወረቀት ኩባያ። አንዱ ፕላስቲክ ከለበሰ ወረቀት ላይ መግቢያውን ያነባል። ከዚያ ተራ በተራ ነው። «ስሜ እገሌ ነው፣ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሰላም እገሌ» ይሉታል። ጥቂት ደቂቃ ያወራል፣ ያመሰግኑታል፣ ተራው ያልፋል። «ዛሬ ልስማ» ያለም አይገደድም።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ማንም አለመምከሩ ነው። በእኛ ቤት አንድ ሰው «መጠጡ አሸነፈኝ» ካለ ገና ሳይጨርስ ምክሩ ይዥጎደጎዳል፤ «ኧረ ተው፣ ልጆችህን አስብ፣ የእናትህን ልፋት አስብ!» በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። የሚጠጣ ሰው ግን ልጆቹን ሳያስብ ያደረበት ሌሊት የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ አዛውንት ጠርሙሱን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ሲናገሩ የደነገጠ የለም፣ የሳቀ የለም። ሦስት አራት ሰው አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። የእኔ ተራ ሲደርስ እኔንም እንደዚያው ሰሙኝ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ጠዋት ሳትጠጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባችሁ ከሆነ ብቻችሁን፣ በአንድ ጊዜ አታቁሙ። በየቀኑ ብዙ መጠጥ የለመደ ሰውነት ድንገት ሲያጣው ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሰውየው ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠበል የሚገባም ሰው ለሐኪም ሳይናገር አይግባ። እኔ ጠበሉንም ንስሐ አባቴንም አልተውኩም፤ ስብሰባውም ከእነሱ ጋር ተጣልቶብኝ አያውቅም።

አማርኛ ስብሰባስ? ሥራዬን በእንግሊዝኛ እሠራለሁ፣ ሐዘኔን በእንግሊዝኛ ማውራት ግን ይከብደኛል። ስለዚህ የኤኤ አጀማመር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ አልሳካ አለው። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበር፤ የሆቴሉ ባር ጠራው። ባሩን ትቶ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ስልክ መደወል ጀመረ፣ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፍለጋ። በመጨረሻ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ኤኤ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ወሬ ተነሳ። ደንቡም እስከ ዛሬ፣ መጠጥ ለማቆም የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ማለት ይችላሉ ይላል። የጽዋ ማኅበር እንኳ ከዚህ የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል። ሁለት ሐበሻ፣ አንድ ሰዓት፣ በር የሚዘጋ ክፍል ካለ በቂ ነው። ዓረብ አገር ሆናችሁ ከቤት መውጣት ለማይቻላችሁም በስልክ፣ ካሜራ ጠፍቶ መሰብሰብ ይቻላል። ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ አሁን በምትሄዱበት ስብሰባ የቆዩትን ጠይቁ፤ ስብሰባችሁ እንዴት የመተግበሪያው ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ ያሳዩዋችኋል።

የሚጠጣው ባላችሁ ወይም ልጃችሁ ከሆነ፣ ለቤተሰብ የተቋቋመ አል-አኖን የሚባል አለ፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። በሚቀጥለው ክፍል ስለ እሱ እናወራለን። ደህና ሰንብቱ።