ሆሊ በዐቢይ ጾም ሲመጣ፦ ወደ ሕንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ትምህርቱ ሌሎች ይናገራሉ፤ አንተ ስለ ምግቡ ንገርልን» አሉኝ። ስድስት ዓመት ተምሮ ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ ይከነክናል። ግን እውነታቸውን ነው። ስለ ሆሊ ጣፋጭ የማስታውሰውን ያህል ስለ መመረቂያ ጽሑፌ አላስታውስም።

ሆሊ የሂንዱዎች የፀደይ በዓል ነው። ቀለም ሲረጫጩ በፎቶ አይታችኋል። ስለ ቀለሙ የምነግራችሁ አጭር ነው፤ አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ፊታችሁንና ፀጉራችሁን ዘይት ተቀቡ፣ አለቀ። የመጣሁት ቀለሙ ከታጠበ በኋላ ስላለው ሰዓት ልነግራችሁ ነው። ሰዉ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሲቀባባ ይቆይና ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ቤት ለቤት ይጠያየቃል። በየገባችሁበት ትሪ ይቀርባል። ለእኛ ሰው ነገሩ የሚወሳሰበው ትሪው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሆሊ የሚውለው ጾም ላይ ነው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ሆሊ ፋልጉን በሚሉት ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይከበራል። የእኛም ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን የሚያወጣው ጨረቃን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከ2015 እስከ 2018 ያሉትን አራት ዓመታት ብቻ ብታዩ፣ የቀለሙ ቀን የካቲት 29፣ መጋቢት 16፣ መጋቢት 5 እና የካቲት 25 ውሏል። አራቱም ዐቢይ ጾም ውስጥ ናቸው። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም አልቀረላችሁም፤ ከ2016 እስከ 2018 ሦስቱንም ዓመት ሆሊ በረመዳን ነው የመጣው። እናንተ ግን ከእኛ ትሻላላችሁ፤ በወረቀት አስጠቅልላችሁ ለማፍጠሪያ ትወስዳላችሁ። ጴንጤዎቹ እዚያ ጥግ ላይ ስትስቁ አይቻለሁ። እናንተ ብሉ፤ ለሌሎቹ ልናገር።

የመጀመሪያውን ዓመት የኖርኩት ደልሂ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። የቤቱን ባለቤት እንደ ሰፈሩ ልጆች «አንቲ» እላቸው ነበር። በሆሊ ዕለት ከሰዓት ጠሩኝ፤ ትሪው ተዘጋጅቷል። እኔም ሌሊቱን ያጠናሁትን የሂንዲ ዓረፍተ ነገር አወጣሁ፦ «አጅ ሜራ ቭራት ሄ»፤ ዛሬ ጾመኛ ነኝ ማለት ነው። አንቲ ፊታቸው በራ። ብድግ ብለው ወደ ኩሽና ገቡና ትልቅ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይዘው ተመለሱ፤ ስኳር ተደርጎበት፣ አልሞንድ ተከትፎ ከላይ ተነስንሶበት። አልጠጣም አልኩ። «ወተት ነው እኮ» አሉኝ። ወተትም አልጠጣም ስላቸው እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ፤ ትኩሳት የያዘኝ መስሏቸው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብዙ ሂንዱዎች ቭራት ሲይዙ የሚተዉት እህል ነው፤ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬ። ወተትና ፍራፍሬ፣ የተነጠረ ቅቤም ጭምር፣ የጾመኛ ምግብ ነው። ከእኛ ጋር ግልብጥ ነው። እንጀራ በሽሮ ለእነሱ ጾም ማፍረሻ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ያ ብርጭቆ ወተት። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» የሚለውን እዚሁ አዲስ አበባ ተዉት። በእሱ ፈንታ የምትተዉትን በስሙ ጥሩት፦ «ዱድ ናሂ፣ ዳሂ ናሂ፣ ጊ ናሂ»። ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ የተነጠረ ቅቤ የለም ማለት ነው። ምግብ ቤት በር ላይ «ሹድ ሻካሃሪ» የሚል ጽሑፍ፣ ወይም የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ስታዩም አትዘናጉ። ሥጋና እንቁላል የለበትም ለማለት ነው እንጂ ቅቤና ወተቱማ ሊኖርበት ይችላል።

አንቲ ሲገባቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። ይህ አይሆንህም፣ ይህም አይሆንህም፣ ይህ ግን ይሆንሃል። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ለቀማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ጨምሬበት።

የትሪው እመቤት ጉጂያ ናት። ሳምቡሳ ታውቃላችሁ፤ ጉጂያ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ጣፋጭ ሳምቡሳ በሏት። ሊጡ የፉርኖ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው በዋናነት ኮያ ይባላል፤ ወተት በሰፊ ብረት ድስት ሲንተከተክ፣ ሲማሰል፣ ውሃው ሁሉ ተንኖ የሚቀረው ጠጣር። በዚያ ላይ የተቆላ ሱጂ፣ ማለትም የደቀቀ የስንዴ ክክ፣ ኮኮናት፣ ዘቢብና ሄል ይገባበታል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ይሠሩታል። አንዷ ትዳምጣለች፣ አንዷ ትሞላለች፣ እጀ ቀጭኗ ደግሞ ጠርዙን እንደ ሹሩባ ትጎነጉናለች። እኔም በሦስተኛው ዓመት ልርዳ ብዬ አንዷን ጎነጎንኩ። ዘይት ውስጥ ስትገባ ፈነዳች፤ ኮያው ወጥቶ አረረና ዘይቱን በሙሉ አበላሸው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ዘቢብ መልቀም ሆነ። እሳቱም ለስለስ ማለት አለበት፤ ከጋለ ቆዳዋ እንደ ቁስል ውሃ ይቋጥራል።

ጾመኛው ጉጂያን ከሩቁ ይያት። ያልጾመውም ቢሆን ከመንገድ ዳር ሲገዛ ይጠንቀቅ። በሆሊ ሰሞን የኮያ ፈላጊ ይበዛል፤ ስታርች የተቀላቀለበትም ገበያ ላይ ይወጣል። እቤት ያለ ሰው አንድ ጠብታ አዮዲን ጣል ያደርግበትና ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ይጥለዋል።

ማልፑዋ በወተት ተበጥብጦ የተጠበሰ፣ ሽሮፕ ውስጥ የተነከረ ቂጣ ነው፤ እለፉት። ዳሂ ባላ እርጎ ውስጥ የሰጠመ የጥራጥሬ ጥብስ ነው፤ እለፉት።

ታንዳይ ላይ ግን ጾመኛውም ያልጾመውም ይስማኝ። ታንዳይ ቀዝቃዛ የወተት መጠጥ ነው። አልሞንድ፣ የሐብሐብ ፍሬ፣ የእንስላል ዘር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና የጽጌረዳ አበባ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት በድንጋይ ላይ በመጅ ይፈጫል፣ በጨርቅ ይጠለልና ወተትና ስኳር ይገባበታል። በጣም ይጣፍጣል። ችግሩ በሆሊ ቀን አንዳንዱ ታንዳይ ውስጥ ባንግ አለ። ባንግ የካናቢስ ቅጠል ተፈጭቶ ነው። የ1985 የሕንድ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ፣ ዓመቱ በፈረንጆች ነው፣ ሙጫውንና አበባውን ሲከለክል ቅጠሉን ብቻውን ለክልሎች ትቶታል። በዚህ የተነሳ እንደ ቫራናሲ ባሉ ከተሞች ፈቃድ ያለው የባንግ ሱቅ ታገኛላችሁ። ቢጠጡት ወዲያው አይሰማም። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቆያል። የእኛ ልጅ «ምንም የለውም» ብሎ ሁለተኛውን ይደግማል፤ ከዚያ ሁለቱ ባንድ ላይ ይመጡበታል። እኔ የማውቀው አንድ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ የዶርሙን ደረጃ ሲቆጥር አድሯል። ስለዚህ «ባንግ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር አይደለም፤ እነሱም ይጠይቃሉ።

አሁን ወደሚሆነን። አንቲ መጀመሪያ የሰጡኝ ሸካርፓራ ነው። ስቀምሰው የእናቴ ዳቦ ቆሎ ትዝ አለኝ፤ ስኳር ለብሶ እንጂ ያው እሱ ነው። ሊጡ በቅቤ ይሁን በዘይት መታሸቱን ጠይቁ፤ የእሳቸው በዘይት ነበር። ቀጥሎ የድንች ፓፓድ፣ ማለትም ደርቆ የሚጠበስ ስስ የድንች ቂጣ፤ ከሆሊ በፊት ጣሪያው ሁሉ ፀሐይ ላይ በተሰጣ ድንች ይሸፈናል። ከዋዜማው እሳት የመጣ የገብስ እሸትም አለ። ዋዜማ ማታ እንደ ደመራ ያለ እሳት ይለኮሳል፤ አዲሱን የገብስና የስንዴ ዛላ እዚያ ለብልበው ይካፈሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልደብቅም። ለአምላኮቻቸው ወይም ለእሳቱ ቀርቦ የሚታደል ምግብ ፕራሳድ ይባላል። ለእንግዳ የሚቀርበው ትሪ ሌላ፣ ፕራሳድ ሌላ ነው። እሸቱም ለአንዳንዱ ቤት ፕራሳድ ነው። ትበላላችሁ አትበሉም እኔ አልወስንላችሁም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። የማትቀበሉ ከሆነ ግን እጅን ደረት ላይ አድርጎ በትሕትና ይቅርብኝ ማለት ይበቃል። ተቀብሎ መጣል ግን በጣም ያስከፋቸዋል።

ኋላ ማሃራሽትራ በሚባለው ክልል ወዳለችው ፑኔ ከተማ ሄድኩ። ማሃራሽትራ ውስጥ ነገሩ ይለወጣል። በባህሉ በቀለም የሚጫወቱት ከአምስት ቀን በኋላ ራንግ ፓንቻሚ በሚሉት ቀን ነው፤ ሆሊ ማለት ፑራን ፖሊ ነው። የሽምብራ ክክ ይቀቀላል፣ ጉር ከሚሉት ቡናማ የሸንኮራ ስኳር ጋር ይፈጫል፣ ሄል ይገባበትና ስስ ቂጣ ውስጥ ታሽጎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ክኩ የተቀቀለበት ውሃም አይደፋም፤ አምቲ የሚባል ቅመም ያለው ወጥ ይወጣዋል። ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ሸንኮራ! የእኛ ጾም የፈለሰፈው ነው የሚመስለው። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከላይ የሚፈስሰው ቅቤ ይቅርብኝ። የጓደኛዬ እናት አዘኑልኝ፤ ቅቤ የሌለው ፑራን ፖሊ ለእሳቸው ጨው የሌለው ወጥ ነው። እኔ ግን አራት በላሁ።

የመጨረሻው ካንጂ ነው። ጥቁር ካሮት ይከተፋል፣ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ጨውና በርበሬ ያለበት ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ በሸክላ ገንቦ ተከድኖ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ኮምጠጥ ይልና አፍንጫ ላይ ይወጣል። ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን ጾመኛ ያውቃል። ደልሂ የሚማሩ ፈረንጆች ሲጎነጩት ፊታቸው ሲጨማደድ፣ እኔ ብርጭቆዬን ጨርሼ ጨምሩልኝ ስል አንቲ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አሳዩኝ።

ፍልሰታ ላይ ስለሆንን ዛሬ ካንጂ ሠርቼ መጥቻለሁ። ጥቁር ካሮት እዚህ ስላላገኘሁ ተራ ካሮትና ቀይ ሥር አድርጌበታለሁ፤ አራት ቀን ፀሐይ ላይ ውሏል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ አስገብቼዋለሁ። ሁለቱ ትልልቅ ማሰሮዎች ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ብርጭቆው ከጎኑ አለ። መጀመሪያ ትንሽ ቅዱ።

አመሰግናለሁ።