የጥቅሱ ሌላው ግማሽ፦ ደሴ ላይ ለመጽሐፍ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ጭጋግ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጦሳ ተራራ ዛሬም አልታየም።

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ሳይንስ ልቦለድ ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ የማይረሱ አባባሎች ነው። ርዕሱ ደስ ይላል፤ ግን ትንሽ ያሳስበኛል። ለምን እንደሆነ ስንሄድ ታዩታላችሁ።

ሰውየውን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1920 ሩሲያ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ። አባቱ ብሩክሊን ውስጥ የከረሜላ ሱቅ ነበራቸው፤ መጽሔትም ይሸጡ ነበር። ልጃቸው የማይረባ ተረት እንዲያነብ ግን አይፈልጉም። ልጅ አይዛክ ብልጥ ነው፤ ርዕሱ ላይ «ሳይንስ» የሚል ያለበትን መጽሔት መርጦ ትምህርት ነው ብሎ አሳመናቸው። አድጎ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ አስተማረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሳትሞ በ1992 አረፈ። ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ የሚያዙትን የሮቦት ሕጎቹን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቋቸው አልፋቸዋለሁ። የዛሬው ጉዳዬ በ1951 በመጽሐፍ መልክ የወጣው «ፋውንዴሽን» ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋላክሲውን ሁሉ የሚገዛ መንግሥት ሊፈርስ ነው። ሃሪ ሴልደን የሚባል የሒሳብ ሊቅ ውድቀቱን አስቀድሞ ያሰላል። 30,000 ዓመት የጨለማ ዘመን ይመጣል፤ በሴልደን ዕቅድ ከተሄደ ግን ወደ 1,000 ያጥራል። እኛ ወሎዬዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር «ሼህ ሁሴን ጅብሪል ብለውት ነበር» የሚል ሽማግሌ ከሰፈር አይጠፋም። ሴልደን ግን ስለ አንድ ሰው አይተነብይም። ሒሳቡ የሚሠራው ለብዙ ሕዝብ ነው፤ ያውም ሕዝቡ ትንቢቱን ካላወቀ።

ሴልደን ለዕቅዱ የሰበሰባቸውን ምሁራን ተርሚነስ ወደምትባል ዳር ያለች ፕላኔት ያስልካቸዋል። እዚያ ያለችው ከተማ ከንቲባ ሳልቮር ሃርዲን ይባላል። ታዋቂዎቹ ጥቅሶች በአብዛኛው የእሱ ናቸው። ዋናው ይኸው፦ «ጉልበት የአቅመ ቢሶች የመጨረሻ መሸሸጊያ ነው።» ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከአሲሞቭ ፎቶ ጋር፣ ከነመነጽሩና ከነጉንጭ ጢሙ፣ አይታችሁት ይሆናል።

ደሴ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። በእኛው 2014 ጦርነት ቤታችን ድረስ ሲመጣ አይተናል። «እሺ፣ የመጡበት ሰውስ ምን ያድርግ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው። ሃርዲን ራሱ እዚያው መልሶታል። ሳይተነፍስ ይቀጥልና «ግን ለእነሱ ብዬ ምንጣፍ አላነጥፍም፣ ምርጥ ምርጡን ዕቃም አላራግፍላቸውም» ይላል። ይህቺን የሚለጥፋት ሰው የለም። ሰውየው ቄጤማ ጎዝጉዞ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም።

ታዲያ ምን አደረገ? ተርሚነስ ጦር የላትም። ጎረቤቷ አናክሪዮን ጦር አላት፤ የአቶም ዕውቀት ግን ጠፍቶባታል። የአናክሪዮን ሠራዊት ተርሚነስ ላይ ሲያርፍ ሃርዲን ወደ ሌሎቹ ሦስት ጎረቤት መንግሥታት ሄደ። የአቶሙ ምስጢር አናክሪዮን እጅ ከገባ ቀጥሎ ማን እንደሚታረድ አስረዳቸው። በቃ። ሦስቱ ተባብረው «ውጡ» አሉ፤ አናክሪዮን ወጣች። «አቅመ ቢስ» ያልሆነ ሰው ምን እንደሚመስል የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ጥቅሱ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርመኛል። «የሥነ ምግባር ስሜትህ ትክክለኛውን ነገር ከማድረግ እንዳያግድህ» ይላል። ይህንንም የሃርዲን ነው ይሉታል። መጽሐፉ ውስጥ ግን የምንሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ፖንየትስ ከሚባል ነጋዴ አፍ ነው፤ ሃርዲን አለው የሚባል ነገር ሆኖ። እኛስ ባለቤቱ የጠፋን ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሃና እንሰጥ የለ? ፖንየትስ የሄደው ጓደኛውን ከእስር ለማስፈታት ነው። ማስፈታቱ ሳያንስ ንግድም ጀመረ። ለአንድ ትልቅ ሰው ብረትን ወርቅ የሚያደርግ ማሽን አስረከበው። ማሽኑ ውስጥ ካሜራ ደብቋል። በአገሩ ሃይማኖት እንዲህ ያለ ማሽን ክልክል ነው። ሰውየው ሲጠቀም ተቀረጸ። ከዚያማ የፖንየትስን ጭነት በሙሉ ሳይወድ በግዱ ገዛ። ነጋዴያችን ይህን ለጓደኛው ሲያወራ ነው ጥቅሷን የሚመዛት። ግድግዳ ላይ ስትሰቀል ጥበብ ትመስላለች፤ ቦታዋ ላይ ስታነቧት የአስፈራሪ ማመካኛ ናት። ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች። እኔ ደራሲው ሆን ብሎ እንዳደረገው ነው የማምነው።

የኔ ምርጫ ግን ማንም የማይለጥፈው ነው። ከዋናው መንግሥት ሎርድ ዶርዊን የሚባል ሹም ይመጣል። ትንባሆ በአፍንጫው እየሳበ፣ ቃል እያሳመረ፣ አምስት ቀን ሙሉ ይወያያል። ምሁራኑ መንግሥት አለልን ብለው ልባቸው ሞልቷል። ሃርዲን የተባለውን ሁሉ በድብቅ ቀርጾ ለሎጂክ ባለሙያ ይሰጣል። ባለሙያው ትርጉም የለሹን ያወጣል። ድፍንፍኑን ያወጣል። «እንደ ሁኔታው» ዓይነቱን ሁሉ ያወጣል። መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም። ዜሮ! ሃርዲንም እንዲህ አለ፦ «ጌቶቼ፣ ሎርድ ዶርዊን በአምስት ቀን ውይይት አንዲት ነገር አልተናገረም፤ እናንተም አልነቃችሁበትም።»

ስብሰባ ተቀምጦ የዋለ ሰው ይህ ይገባዋል። ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ከቃል ሥር ሌላ ነገር መፈለግ ለምደናል። ዶርዊንን ብትቆፍሩት ግን ሰሙም ወርቁም የለም። ዶርዊን ማን እንደሆነ ሳታውቁ ጥቅሱን ብቻ ብሰጣችሁ ኖሮ አያስቅም ነበር።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ያወራሉ፤ ጦርነቱ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ሴት ገጸ ባሕርይ ለማግኘት መጨረሻው ክፍል መድረስ አለባችሁ። እህቶቼ ብትታዘቡት አልፈርድባችሁም። ከክፍሎቹ ቀድሞ የታተመው በ1942 መጽሔት ላይ ሲወጣ ደራሲው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ እሱንም ያዙለት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጥቅስ ስትለጥፉ ከሥሩ ማን፣ ለማን፣ ምን ሲገጥመው እንዳለው አንድ መስመር ጨምሩ። አሁን ሻይ ቀርቧል። ከሻይ በኋላ የዶርዊንን ክፍል ተከፋፍለን ጮክ ብለን እናነባለን። ዶርዊን ሲናገር «ር»ን እየዋጠ ነው። ይህን ያለሳቅ እችላለሁ የሚል ካለ ከወዲሁ ይመዝገብ። አመሰግናለሁ።