ዘር በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል? ሦስት ሲኒ፣ አሥር አሥር ዘር

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንኳን ወደ ጓሯችን መጣችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሲኒ አለ። ቡና አይደለም፤ አትጓጉ። የመጀመሪያው ሲኒ ንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው የገባበት ውሃ። ሦስተኛው፣ በሊትር ስድስት ማንኪያ። ይሄኛው የባህር ውሃ በሉት፤ የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። በየሲኒው አሥር አሥር የቀይ ስር ዘር ጨምሬያለሁ። ለምን ቀይ ስር? እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ብቅል ላውራ። ያለ ብቅል ስለ ዘር ማውራት አልችልም፤ ታውቁኛላችሁ።

እናቴ ለጠላ ብቅል ስታበቅል እንዲህ ነው። ገብሱን ትለቅማለች። ታጥባለች። ትዘፈዝፋለች። በማግስቱ ታጠልለዋለች። ልብ በሉ፣ ውሃው ውስጥ አትተወውም፤ ታጠልለዋለች! ከዚያ በኮባ ቅጠል ሸፍናው ሦስት ቀን ያህል ማንም እንዳይነካው። ሦስት ቀን! ልጅ ለሆነ ሰው ዓመት ነው። ስትገልጠው ሞቅ ያለ፣ እርጥብ ሽታ ፊት ላይ ቦግ ይላል። ገብሱ ተንፍሶ ተንፍሶ ቤቱን አሙቆታል። እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ጺም አውጥቷል። እኔ ደግሞ እሷ ዞር ስትል አንድ ጭብጥ አነሳና ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ይጣፍጣላ! ጥሬ ገብስ ስኳር ስኳር አይልም። የጎነቆለው ግን ይላል። ለምን? ገብሱ ስንቁን ፈትቷል። እናቱ ለመንገድ ብላ የቋጠረችለትን ስንቅ ፈትቶ መብላት ጀምሯል። እኔ የሕፃን ምሳ ነበር የምሰርቀው ማለት ነው።

እሺ፣ ሳይንሱን በአንድ ትንፋሽ። ደረቅ ዘር ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ጽንሱ ይነቃል፣ ጅበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጣል፣ ጽንሱ ስኳሩን በኦክስጅን አቃጥሎ ጉልበት ያገኛል፣ ሥር ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። አለቀ። ትምህርት ቤት ተምራችሁታል።

ጨው ሲጨመርስ? ቋንጣ አስቡ። ሥጋው ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ስትቆዩ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ጨው ጎትቶ ያወጣው ነው። ዘር ላይም ያው ነው። ውጪ ያለው ጨው በበዛ ቁጥር ዘሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ውሃ መሃል ቁጭ ብሎ ይጠማል። በዚያ ላይ ሶዲየምና ክሎራይድ እየገቡ ጽንሱን ይጎዱታል።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ኮሜንታችሁ አላስተኛኝም።

«ልጄ፣ ጨው ጀርም ይገድላል፤ አያቴ ዘር በጨው ውሃ ትነክር ነበር» ያሉኝ አንድ አባት አሉ። ከሥር ብዙ ሰው «እውነት ነው» ብሎ ፈርሟል። ጋሼ፣ አያትዎን አልነካም። ምናልባት ሲያደርጉት ያዩት ሌላ ሥራ ነው፤ መምረጥ። በእስያ ሩዝ አምራቾች ዘር የሚመርጡት በወፍራም የጨው ውሃ ነው። ውሃው መድረሱን የሚያውቁት ጥሬ እንቁላል ጥለውበት ሲንሳፈፍ ነው። ከዚያ ዘሩን ይጨምራሉ። ገለባው ይንሳፈፋል፣ ፍሬ ያለው ይሰምጣል። የሰመጠውን ወዲያው በንጹህ ውሃ ያጥቡታል። ወዲያው! ጨው እዚያ ሚዛን ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የእኛ ካሮትና ሰላጣ ደግሞ ዘራቸው ቀላል ስለሆነ ደህናውም ይንሳፈፋል። በዚህ መንገድ ከመረጣችሁ ጥሩውን ዘር ከነውሃው ደፋችሁት።

ጀርም ካስፈራችሁ ሙቅ ውሃ አለ። ለጥቅል ጎመንና ለቲማቲም ዘር 50 ዲግሪ፣ 25 ደቂቃ። በቴርሞሜትር ነው፣ በጣት አይደለም። ትንሽ ካለፈ ዘር ሳይሆን ንፍሮ ነው የሠራችሁት።

ሌላው ደግሞ «ተመራማሪዎች እኮ የቲማቲም ዘር በጨው ያለማምዳሉ» አለኝ። ልክ ነህ ወንድሜ። ተለክቶ፣ ሰዓት ተይዞለት፣ ታጥቦና መልሶ ደርቆ፣ ጨዋማ መሬት ላይ ለሚዘራ። በእኔ ኩሽና፣ በእኔ ማንኪያ ግን አልሞክረውም።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ። ደውሏንም ነካ። እኔ እጠብቃለሁ።)

ታዲያ ምን እንዘፍዝፍ? ባቄላና አተር አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። ከዚያ ካለፈ አየር አጥተው ይሸታሉ። ጎመን በራሱ ጊዜ ፈጥኖ ይወጣል፤ አታስቸግሩት። ሰላጣ ስትዘፈዝፉት ዘሩ ጣት ላይ ተለጣጥፎ መዝራት አበሳ ይሆናል። ካሮት መሬት ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ትዕግሥት እንጂ ጨው አያስፈልገውም።

ቀይ ስር ግን ልዩ ነው። ያ እንደ ቡሽ የሻከረው «ዘር» አንድ ዘር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዘር ተጣብቆ ነው። ቅርፊቱ ላይም መብቀልን የሚያዘገይ ነገር አለ። ውሃ ያንን ያጥብለታል። ደግሞ የዱር ዘመዱ አውሮፓ ውስጥ ባህር ዳርቻ ላይ የሚበቅል ነው። ካደገ በኋላ ጨው ከባቄላም ከካሮትም በላይ ይችላል። ሲበቅል ግን ጨቅላ ነው፤ አይችልም። ከመተሃራ አካባቢ «የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ዘር እምቢ አለኝ» ያልሽኝ እህቴ፣ ይሄ ለአንቺ ነው። የዝናብ ውሃ አጠራቅመሽ ለመዘፍዘፊያና ችግኙ ብቅ እስኪል ለማጠጫ ብቻ ተጠቀሚ።

(ካሜራ ወደ ሲኒዎቹ።)

ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ ጠዋት አጠልዬ፣ እያንዳንዱን በራሱ ውሃ ባረጠብኩት ሶፍት ላይ አኖርኩ። የንጹህ ውሃው በአምስተኛው ቀን ነጭ ሥር አወጣ። የአንድ ማንኪያው በስምንተኛው፣ እሱም ጥቂቱ ብቻ። የባህሩ ዝም። እንደ ጠጠር።

በአሥረኛው ቀን የባህሩን ሦስት ጊዜ አጥቤ በንጹህ ውሃ ሶፍት ላይ መለስኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው እንዲህ የምታሰቃያቸው?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሶፍቱን ስገልጥ ሁለቱ ጺም አውጥተዋል። የቀሩትን ስምንቱን እሷ ወስዳ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ኩሽና አስቀምጣለች።