ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የነርቭ ሕዋስን ማገር እንዴት ያላላል?

ምስል፦ ከታችኛው ጀርባ እስከ እግር ጣት የተዘረጋ አንድ የነርቭ ሕዋስ።

ተራኪ፦ ይህ ረጅም ክንድ አክሰን ይባላል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ ግን በማይክሮ ሜትር የሚለካ ነው። ሳይበጠስ የሚቆየው ውስጡ ዋልታና ማገር ስላለው ነው፦ 25 ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው ማይክሮቲዩቡል የተባሉ ቱቦዎች፣ 10 ናኖ ሜትር የሆኑት ኒውሮፊላመንቶችና ከሁሉም ቀጭኑ አክቲን።

ምስል፦ ሚቶኮንድሪያ በቅርበት።

ተራኪ፦ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ኃይል ሲያመርት ጥቂት ኤሌክትሮኖች ያመልጣሉ። ኦክሲጅን ይቀበላቸውና ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ኢንዛይሞች ይህን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጡታል፤ ፐርኦክሳይዱ ነጻ ብረት ካገኘ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃው ሃይድሮክሲል ይወለዳል። እነዚህ አጥቂዎች ከሕዋሱ የመከላከል አቅም በላይ ሲበዙ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ 20 በመቶ የሚሆነውን ኦክሲጅን ስለሚጠቀም አደጋው ይበረታበታል።

ምስል፦ አንድ የቲዩቡሊን ጥንድ፤ በላዩ የሚያበሩ 20 ነጥቦች።

ተራኪ፦ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ማይክሮቲዩቡል የሚገነባው ከቲዩቡሊን ጥንዶች ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሲስቴይን የተባሉ፣ ድኝ የተሸከሙ 20 የፕሮቲን መገንቢያ አሚኖ አሲዶች አሉ። ኦክሳይድ ሲሆኑ፣ ማለትም አጥቂዎቹ ኤሌክትሮን ሲነጥቋቸው፣ ድኝ ከድኝ ይጣበቃል፣ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይዛባል፣ ጥንዱም ከቱቦው ጫፍ ጋር አልገጥም ይላል። ማይክሮቲዩቡል ደግሞ ጫፉ ሁልጊዜ የሚታከልበትና የሚናድ ነው፤ መታከሉ ሲያንስ መናዱ ያይላል።

ይህ ጉዳት ግን ሊመለስ ይችላል። በሙከራ ቱቦ ውስጥ የድኙን ማሰሪያ የሚፈታ ኬሚካል ሲጨመር ቲዩቡሊኑ የመገጣጠም አቅሙን በጉልህ መልሶ ያገኛል። በሕዋሱ ውስጥ ይህን ሥራ ግሉታታዮንና ታዮሬዶክሲን የተባሉ የሕዋሱ የራሱ ጠጋኝ ሞለኪውሎች ይሠሩታል። በኦክሳይድ ጉዳት ካርቦኒል የተባለ የኬሚካል ቡድን የተለጠፈበት ፕሮቲን ግን ጥገና የለውም፤ ተሰባብሮ መወገድ አለበት።

ምስል፦ ኪነሲን ጭነት ተሸክሞ በቱቦው ላይ ሲራመድ፤ ከዚያ ሲቆም።

ተራኪ፦ ጭነት ተሸካሚው ፕሮቲን ኪነሲን በአንድ እርምጃ 8 ናኖ ሜትር ይሄዳል፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያ የሚያመርተውን የኃይል ሞለኪውል፣ ይከፍላል። ሐዲዱ ሲቆረጥ ጭነቱ ይከማቻል፣ አክሰኑም እንደ ጨሌ እዚህም እዚያም ያብጣል። ትኩስ ሚቶኮንድሪያ ያልደረሰው ክፍል ኤቲፒ ያጥረዋል፤ ካልሲየም የሚያስወጡት ፓምፖች ይደክማሉ። የተከማቸው ካልሲየም ካልፔይን የተባለውን ኢንዛይም ያስነሳል፤ እሱም ኒውሮፊላመንቱን ይቆራርጣል። ያረጀው ሚቶኮንድሪያም እዚያው ቀርቶ ተጨማሪ ሱፐርኦክሳይድ ይለቃል። ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ አዙሪት ነው።

ማይክሮቲዩቡልን የሚያጸናው ታው የተባለው ፕሮቲንም አይቀርለትም፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞችን ሲያነቃ ታው ከቱቦው ይላቀቃል። በአልዛይመር የሚታየው የታው ጥልፍልፍ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም የበሽታው ብቸኛ መነሻ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው ማለት ስህተት ነው።

ምስል፦ የደም ናሙና።

ተራኪ፦ አክሰን ሲፈርስ የኒውሮፊላመንት ክብደቱ አነስተኛ የሆነው ክፍል ወደ አንጎል ፈሳሽና ወደ ደም ይፈስሳል። ሐኪሞች መጠኑን ይለካሉ። ከፍ ማለቱ አክሰን እየተጎዳ መሆኑን ያሳያል፤ የትኛው ነርቭ እንደሆነና ምን እንደጎዳው ግን ብቻውን አይናገርም።