ስምህ ወይስ ስምሽ?

እንደምን አመሻችሁ። መብራቱ ሲበራ ዓይኑን የሚጠርግ ሰው አይቻለሁና ብዙ አላስቀምጣችሁም። ከምስሉ ሥር ሲያልፍ ያነበባችሁትን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሕተት ያገኘ ሰው ቡና ላይ ይንገረኝ፤ እዚህ መድረክ ላይ አይሆንም።

መከራዬ የጀመረው ገና ከርዕሱ ነው። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የማኮቶ ሺንካይ የአኒሜሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ስሙ «ኪሚ ኖ ና ዋ» ነበር። «ስምህ…» ወይም «ስምሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ነጥብ ያደርግበታል። «ኪሚ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል። እኛ ግን ወንድ ወይ ሴት ሳንል አንድ እርምጃ መሄድ አንችልም። ታሪኩ ደግሞ በተራራማዋ ኢቶሞሪ የምትኖር ሚትሱሃና የቶኪዮው ታኪ አንዱ በሌላው ገላ ውስጥ ነቅቶ የሚውልበት ነው! ኢቶሞሪ በካርታ ላይ የለችም፤ ሺንካይ ጊፉ ውስጥ፣ ሂዳ በሚባለው አካባቢ ያስቀመጣት የፈጠራ ከተማ ናት።

ሚትሱሃ ደብተሯን ስትገልጥ የማታውቀው እጅ የጻፈውን ጥያቄ ታያለች። እኔ «ማነሽ?» ብዬ መለስኩት። ጃፓንኛው ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የሚጠይቀውም ወንድን ይሁን ሴትን አይናገርም። ተመልካቹ ገና ግራ እየተጋባ ሳለ እኔ በአንዲት «ሽ» የምስጢሩን ግማሽ አወጣሁት።

ጣሪያው ላይ ያለውን ምሳ ደግሞ አስታውሱ። በታኪ ገላ ውስጥ ያለችው ሚትሱሃ «እኔ» ለማለት አራት ጊዜ ትሞክራለች፤ «ዋታሺ»፣ «ዋታኩሺ»፣ «ቦኩ»፣ በመጨረሻ «ኦሬ»። ጓደኞቹ ፊታቸውን የሚፈቱት ለአራተኛው ብቻ ነው፤ ጎረምሳ እንደዚያ ነዋ የሚለው። የእኛ «እኔ» አንድ ነው። «እኔዋ… እኔይቱ… እኛ… እኔ» ብዬ ተፍጨረጨርኩ። ሦስት ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው።

አማርኛ የካሰኝ ምሽቱ ላይ ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ «ታሶጋሬ» የሚለውን የድሮ ቃል ትፈታለች፤ ሥሩ «ያ ማን ነው?» ማለት ነው፣ የመጪው ሰው መልክ የማይለይበት ሰዓት። የኢቶሞሪ ልጆች በአገራቸው ዘዬ «ካታዋሬ ዶኪ» ይሉታል። እኔም ሳልቸገር «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ብዬ ጻፍኩ። ጃፓኖቹ ስለሚመጣው ሰው ይጠይቃሉ፣ እኛ ስለሚያየው ዓይን እናወራለን፤ ሰዓቱ ግን ያው ነው።

ሚትሱሃ የምትኖረው ከታኪ 3 ዓመት ቀድማ ነው። ታኪ ባለበት ጊዜ፣ በ1,200 ዓመት አንዴ የሚመጣው ጅራታም ኮከብ ተሰንጥቆ ከተማዋን ካጠፋት 3 ዓመት ሆኖታል። ሺንካይ ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰው የጃፓን ርዕደ መሬትና ሱናሚ ጋር አያይዞ ተናግሯል። አስማቱ ልቤን የነካው ለዚህ ይመስለኛል፤ ልጁ የሚመኘው መብረርን ወይም ሀብትን ሳይሆን ለሞቱ ሰዎች «ውጡ!» ብሎ መድረስን ነው።

ሁለቱ በተራራው አናት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይገናኛሉ። እንዳንረሳሳ ስማችንን መዳፋችን ላይ እንጻፍ ይላታል። እሱ መዳፏ ላይ ጽፎ ብዕሩን ሰጣት። እሷ አንዲት ሰረዝ እንዳሰመረች ብርሃኑ አለቀ፤ ብዕሩ መሬት ወደቀ፣ እሷም የለችም። በኋላ እየሮጠች ወድቃ መዳፏን ስትገልጥ ስም የለም። ያለው «ሱኪ ዳ» ነው። በጃፓንኛው «እኔ» የለበትም፣ «አንቺ» የለበትም፤ መውደዱ ብቻ ነው ያለው። «ይሄ ስምህን አይነግረኝም እኮ» ትላለች እያለቀሰች።

«እወድሻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ቃሉ በዝቶብኝ ነበር፤ ወዳጁም ተወዳጇም እዚያችው አንድ ቃል ውስጥ ተጨናንቀዋል። ሌሊቱን ሳስበው ግን ወደድኩት። ልጁ ስሟን ሊረሳ ደቂቃ አልቀረውም፤ «ሽ» ግን መዳፏ ላይ ቀርታለች።

የመጨረሻው ደረጃ ቀረኝ። ቶኪዮ፣ ዮትሱያ የሚባል ሰፈር፣ ሱጋ ከሚባለው የሺንቶ ቤተ መቅደስ ሥር ያለ እውነተኛ ደረጃ ነው፤ የፊልሙ ወዳጆች እየሄዱ ፎቶ ይነሱበታል። አድገዋል፣ አይተዋወቁም፣ ተላልፈው ሄደዋል። ዞር ይልና ይጠራታል። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ የርዕሱን ጥያቄ ይጠይቃሉ። እሱ «ስምሽ» ማለት አለበት፣ እሷ «ስምህ»፤ እኔ ያለኝ አንድ መስመር ነው። «ስምዎ» አልኩ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚያወጡ መሰሉ። ሰረዝኩት። ሁለት ሳምንት ባዶውን አደረ።

አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፣ ቁጥሩን አላውቀውም። አነሳሁና እንደ ልማዴ «ማን ልበል?» አልኩ። ወንድ ይሁን ሴት አላወቅሁም፣ ማወቅም አላስፈለገኝም። ስልኩን ሳልዘጋ ወረቀት ፈለግሁ።

ረቂቁን ያነበበችልኝ እህቴ «ይሄማ የስልክ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አልቀየርኩትም።