ከስሟ ፊት ያለው ባዶ መስመር

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ ውድ ተጫዋቾች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ አንዲት ልጅ ላይ ስለሠራሁት ስህተት ነው። ስሟን አልጠራም። እዚሁ ሐዋሳ የቅርጫት ኳስ ቡድን ስመርጥ የጨዋታውን መዝገብ አየሁ። ከስሟ ፊት ስቲል የለም፣ ብሎክ የለም፤ ማለትም ኳስ አልነጠቀችም፣ የተተኮሰ ኳስም አላገደችም። ሳላመነታ ሰረዝኳት።

በኋላ አንድ ወላጅ በስልክ የቀረጸውን ቪዲዮ አየሁ። እሷ የያዘቻት የተጋጣሚያችንን ዋና አግቢ ነበር። አግቢዋ እጇን ዘርግታ ኳስ ትጠይቃለች። የእኛዋ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ትገባለች። ኳሱ ወደ ሌላ ይሄዳል። እንደገና ትጠይቃለች፤ እንደገና ግማሽ እርምጃ። በመጨረሻ አግቢዋ መጠየቁን ተወችው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ይህን የሚይዝ ዓምድ ወረቀታችን ላይ የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ስቲልና ብሎክ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973-74 የውድድር ዘመን ነው። ቢል ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ወስዶ ጫማውን የሰቀለው ግን በ1969 ነው። የዚያ ታላቅ ተከላካይ ብሎክ በይፋ አልተቆጠረም። መቁጠር ከተጀመረ በኋላም ቁጥሩ ሁሉን አልተናገረም። አለን አይቨርሰን ከ2001 እስከ 2003 በተከታታይ ሦስት ዓመት በስቲል አንደኛ ነበር። በሊጉ ምርጥ ተከላካዮች ቡድን ውስጥ ግን አንዴም አልተመረጠም።

ለምን? ለስቲል የሚወረወር ተጫዋች ሲሳካለት እናጨበጭባለን። ሲስት ደግሞ ሰውየው አልፎት ሄዷል፤ አራት ጓደኞቹ አምስት ሰው ይይዛሉ። ያ ስህተት በስሙ አይጻፍም። ብሎክም እንደዚያው ነው። ኳሱን መትቶ ከሜዳ ያስወጣው ተጫዋችና ለጓደኛው ያስቀረው ተጫዋች እኩል አንድ አንድ ይመዘገብላቸዋል። አንደኛው ግን ኳሱን ለተጋጣሚ መልሷል።

ዲፌንሲቭ ሬቲንግ የሚባል መለኪያ አለ። ተጋጣሚ በ100 ጥቃት ስንት ነጥብ እንዳገባ ያሳያል። ቡድንን ለመመዘን እወደዋለሁ። ለአንድ ሰው ስንጠቀምበት ግን መጠንቀቅ አለብን፤ ሜዳ ላይ አምስት ሆነን ነው የምንቆመው። ደግሞም ተጋጣሚ ፍሪ ትሮው፣ ማለትም ጥፋት ሲሠራበት የሚሰጠውን ነፃ ውርወራ፣ ሲስት ቁጥራችን ያምራል። ፍሪ ትሮውን ማን ተከላከለው? በእኛ ሜዳማ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ስንቱን ሹት እንደሚያስት ታውቃላችሁ። ነፋሱ የሠራውን ለልጅ አንስጥ። በአንድ ጨዋታ ቁጥርም አንፍረድ።

ኤንቢኤ ከ2013-14 ጀምሮ በሁሉም አዳራሾቹ የተጫዋቹንም የኳሱንም እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ካሜራዎች ተክሏል። እኛ ካሜራ የለንም። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ግን አሉን። አንድ ልጅ ደብተር ይያዝ፤ አንድ ሩብ ሙሉ ኳሱን ትቶ አንድ ተከላካይ ብቻ ይይ። የያዘው ሰው ኳስ ሲጠይቅ አገኘ ወይስ ተከለከለ? ሲተኩስ ፊቱ ላይ እጅ ነበር? ከሹቱ በኋላ ተከላካያችን ሰውየውን በጀርባው ዘጋው ወይስ ቆሞ ኳሱን አየ? ሪባውንዱን፣ ማለትም ተስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ጓደኛው ቢወስድም፣ የዘጋው ልጅ ይጻፍለት። በዚህ ሥራ የሚጽፈውም ልጅ መከላከልን ይማራል። እኔ ይህን ዓይቻለሁ።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ ቤት ስትገባ «ስንት አገባሽ?» ብቻ አትበሏት። «ማንን ያዝሽ?» በሏት።

ያቺን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ መልሻታለሁ። ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ እናንተ ፊት ደግሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ደብተርና እርሳስ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። በየቡድናችሁ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለን። አመሰግናለሁ።