ለተመልካች የሚተው ድርሻ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የዲዛይን ተማሪዎች፣ የሥዕል ወዳጆች፤

ስለ ዘመናችን ኢለስትሬተሮች፣ ማለትም ለመጻሕፍትና ለመጽሔቶች ሥዕል ስለሚሠሩ ሠዓልያን፣ እንድናገር ስጋበዝ በደስታ የተቀበልኩት፣ ማየትን ያስተማሩኝን ሰዎች በአደባባይ ለማመስገን መልካም አጋጣሚ ስለሆነልኝ ነው። ስለ አሳሳል ስልት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናወራው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መስመሩ ውፍረት ወይም ሥዕሉ ስለተሠራበት ሶፍትዌር ነው። በእኔ እምነት ግን አንዱን ኢለስትሬተር ከሌላው አጥብቆ የሚለየው፣ ከሥዕሉ የትኛውን ክፍል ተመልካቹ ራሱ እንዲሞላው እንደሚተውለት ነው፤ ዛሬ የማነሳቸውንም ሠዓልያን የመረጥኳቸው ይህን ጥርት አድርገው ስላሳዩኝ ነው።

ከፈረንሳዊቷ ማሊካ ፋቭር ልጀምር። ፋቭር በቅርጹ ዙሪያ መስመር አይጎትቱም፤ ጥቂት ደማቅና ወጥ ቀለሞችን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የብርሃኑና የጥላው ወሰን ራሱ ፊት፣ እጅ ወይም ልብስ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ለዘ ኒው ዮርከር መጽሔት የሠሩት የሽፋን ሥዕል ለዚህ ግሩም ማሳያ ነው። አራት ሴት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ቆብና ጭምብል አጥልቀው ቁልቁል ይመለከታሉ። ታካሚው አልተሳለም። መጽሔቱን በእጁ የያዘ አንባቢ ግን ሐኪሞቹ የሚያዩት እሱን መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ የታካሚውን ቦታ ሳያውቀው ወስዶታልና። ጭምብሉ አብዛኛውን ፊት ስለሸፈነ ለሠዓሊዋ የቀራቸው ዓይንና አካባቢው ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ የተለያዩ ሰዎችን ማሳየት መቻላቸው እስካሁን ይገርመኛል። ሽፋኑ እንደወጣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሴት ቀዶ ሐኪሞች በዚያው አኳኋን ቁልቁል እያዩ ፎቶ ተነሥተው በማኅበራዊ መገናኛዎች አሠራጩ። ሥዕሉ ዝርዝር የበዛበት ቢሆን ኖሮ የአራት ሰዎች ምስል ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ባለመብዛቱ ግን ብዙ ሴቶች ራሳቸውን አገኙበት።

የደቡብ ኮሪያዋ ሱዚ ሊ ደግሞ ለአንባቢ የሚተዉት መተረኩን ራሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው «ማዕበል» የተባለው የልጆች መጽሐፋቸው ታሪኩን ያለ አንዳች ቃል ይናገራል፤ በከሰልና በሰማያዊ አክሪሊክ ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ከባሕር ጋር ስትጫወት ያሳያል። ልጅቷ በግራው ገጽ፣ ባሕሩ በቀኙ ገጽ ናቸው። ሞገዱ እየገሠገሠ መጥቶ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ፣ የማይታይ ግድግዳ እንደገጠመው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኛ ዲዛይን የምንማር ሰዎች ሥዕላችንን እንዳይበላብን የምንሸሸውን ያንን መታጠፊያ ሊ የታሪኩ ድንበር አደረጉት። በኋላ ታላቁ ማዕበል ድንበሩን ጥሶ ሲያልፍ፣ እስከዚያ ድረስ የባሕሩ ብቻ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ወደ ሰማዩና ወደ ልጅቷ ቀሚስ ይሻገራል። ልጅቷ መለወጧን አንባቢው የሚያውቀው ከዚህ ነው። ሊ እ.ኤ.አ. በ2022 ለልጆች መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓልያን የሚሰጠውን ዓለም አቀፉን የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት በሥዕል ዘርፍ ማግኘታቸው ሲያንሳቸው ነው።

አውስትራሊያዊው ሾን ታን በአሳሳል ከሁለቱም ይርቃሉ። ዝርዝር ማብዛት ለተመልካች ምንም አይተውም የሚል ሰው ካለ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ እስኪመስል ድረስ በእርሳስ የተሣለውንና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውን ስለ አንድ ስደተኛ የሚተርክ መጽሐፋቸውን ይመልከት። ባለታሪኩ በገባበት አገር የሚያየው ጽሑፍ ሁሉ ሠዓሊው ራሳቸው በፈለሰፉት ፊደል የተጻፈ በመሆኑ፣ እሱ ማንበብ የተሳነውን እኛም ማንበብ ይሳነናል፤ ግራ መጋባቱን የሚተርክልን ሳያስፈልግ አብረነው ግራ እንጋባለን።

ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ኒማን በበኩላቸው ሁለት ሙዞችን ወረቀት ላይ አኑረው የቀረውን አካል በቀለም ሲሥሉበት፣ ሙዞቹ የፈረስ የኋላ እግሮች ይሆናሉ። ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ ማየት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስላለ ነው። እኛ ተማሪዎች የምንወዳቸውን ሠዓልያን ስንከተል ቶሎ የምንወስደው ላይ ላዩን ነው። የፋቭርን ወጥ ቀለም መቅዳት ቀላል ነው፤ በዚያ ሽፋን ላይ ታካሚው እንዳይሳል የወሰነውን አስተሳሰብ ግን በመቅዳት አናገኘውም። መቅዳቱን አልቃወምም፤ እጅ የሚፍታታው በመቅዳት ነው። መምህሮቻችንን የምለምነው፣ ሥራችንን ስትገመግሙ ወደ ቀለሙና ወደ ቅንብሩ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ምኑን ሳንሥል እንደተውነውና ለምን እንደተውነው አስቀድማችሁ እንድትጠይቁን ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።